ከመንካታችሁ በፊት ጠይቁት፦ አካል ጉዳተኛ ተማሪን በንፅህናው ስንረዳ

እኔ ሞግዚት ነኝ። የምሠራው ቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ ወደ አዳማ የሚወስደው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ፣ በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልዩ ፍላጎት ክፍል ውስጥ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ የተቀጠርኩት በጽዳት ነበር። ክፍሉ ሲከፈት ልጆቹን የሚይዝ ሰው ጠፋና «አንቺ ልጅ አሳድገሻል፣ ትችያለሽ» ተብዬ ገባሁ። ሥልጠና የሚባል ነገር አልነበረም። የማውቀውን የተማርኩት ከእናቶቹ፣ ከልዩ ፍላጎት መምህራችን፣ አልፎ አልፎ ብቅ ከሚለው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከራሳቸው ከልጆቹ ነው።

ዘንድሮ ሁለት አዲስ ሞግዚቶች መጡልን። አንዷ በመጀመሪያው ቀን «ዳይፐር መቀየር እኮ እችላለሁ፣ ሦስት ልጅ አሳድጌያለሁ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ትችላለች። ግን የሕፃን ዳይፐር መቀየርና የ12 ዓመት ልጅ ዳይፐር መቀየር አንድ አይደለም። የ12 ዓመቱ ልጅ ያፍራል። ለእሷ የነገርኳትን ነው እዚህ የምጽፈው። ለመምህራንም ለወላጆችም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

የማንንም ልጅ ስም አልጠራም። ገመናቸው ነው።

በዓይኑ የሚመልሰው ልጅ

ከአምስት ዓመት በፊት አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረን። ሴሬብራል ፓልሲ አለበት፤ እጅና እግሩ ይገታተራል፣ አይናገርም። አንድ ቀን ልብሱን እየቀየርኩለት ከጓደኛዬ ጋር ስለ እቁብ እናወራለን። ልጁ እንደ እንጨት ድርቅ አለብኝ። ጉልበቶቹ ተጣብቀው አልላቀቅ አሉ። «ዛሬስ አስቸገረኝ» አልኩ ጮክ ብዬ። እሱ እየሰማ።

ቲቸር የምንላት የልዩ ፍላጎት መምህራችን በሩ ላይ ቆማ ታያለች። «እስቲ አናግሪው» አለችኝ።

«ምን ብዬ?»

«የምታደርጊውን ንገሪውና ጠይቂው።»

ጎንበስ ብዬ ፊቴን በሚያይበት በኩል ዞርኩ። «ሱሪህን ላወልቅልህ ነው። ላውልቅ?» አልኩት። ዝም። እጄን ልሰድ ስል ቲቸር ያዘችኝ። «ጠብቂ» አለች። ጠበቅኩ። በልቤ እስከ አሥር ቆጠርኩ። ከዚያ ልጁ ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሳ። እኛ ሁላችን «አዎ» ስንል ቅንድባችንን ከፍ እናደርግ የለ? የሱም እንደዚያ ነው። እጁና አንገቱ አልታዘዝ ስላሉት የቀረው ዓይኑ ብቻ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ሲመልስልኝ ኖሮ እኔ አላየሁም።

ጉልበቶቹ ቀስ እያሉ ተፈቱ።

በኋላ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ምክንያቱን ነገረኝ። እንዲህ ያለ ልጅ ሲደነግጥ ወይም ሲጣደፍ ጡንቻው ይበልጥ ይኮማተራል። በጉልበት ስታስለቅቁት ይብሳል። ቀድማችሁ ስትነግሩትና ስትጠብቁት ይላላል። ስለዚህ መጠየቅ ለልጁ ክብር ነው፣ ለእናንተም ሥራ ያቀላል።

የሥራው ሁሉ መጀመሪያ ይኸው ነው። ንገሩት፣ ጠይቁት፣ እስከ አሥር ቆጥራችሁ ጠብቁት፣ ከዚያ ሥሩ። ሁልጊዜ በተመሳሳይ ቃል ብትናገሩ ደግሞ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ያውቃል። በልጁ ራስ ላይ ከሌላ ሰው ጋር አታውሩ። አፍንጫችሁን አትያዙ። «ማነው የሸተተው?» ብላችሁ ክፍል ውስጥ አትጠይቁ። የ14 ዓመት ልጅን እንደ ጨቅላ እያባበላችሁ አታናግሩት። «አይ» ካለ ደግሞ «አሁን ይሻልሃል ወይስ ከደወሉ በኋላ?» በሉት። ርጥብ ለብሶ ብዙ መቆየት ቆዳውን ስለሚጎዳው ጨርሶ መተው አይቻልም። ግን አምስት ደቂቃ መስጠት ይቻላል።

ክፍል ውስጥ ደግሞ የቆርኪ ዘዴ አለን። እያንዳንዱ ልጅ ዴስኩ ላይ አንድ ቆርኪ አለው። ሽንት ቤት መሄድ ሲፈልግ ይገለብጠዋል። እኔ አይቼ እመጣለሁ። ማንም አይሰማ፣ ማንም አይስቅ።

ውሃ የማትጠጣው ልጅ

አምስተኛ ክፍል የምትማር፣ በዊልቸር የምትሄድ ልጅ ነበረችን። ጎበዝ ተማሪ ናት። ምሳ ትበላለች፣ ውሃ ግን አትነካም። ሁለት ወር ሙሉ ልብ ያለ ሰው አልነበረም። ከዚያ ትኩሳት ያዛት፣ ሆዷን አመማት። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው ተባለ። ስትመለስ ጠየቅኳት። «ሽንት ቤቱ በር ለዊልቸሬ አይበቃም፣ ደረጃም አለው። ሰው ተሸክሞ እንዲያስገባኝ አልፈልግም። ስለዚህ ከጠዋት ጀምሮ አልጠጣም» አለችኝ።

ይህን የሚያደርጉ ልጆች ብዙ ናቸው። ውሃ ካልጠጡ ሽንታቸው ይወፍራል፣ ይታመማሉ፣ ሆዳቸውም ይደርቃል። አንድ ልጅ ውሃ እንቢ ካለ «ለምን አትጠጪም?» ከማለታችሁ በፊት ሽንት ቤቱን ሄዳችሁ እዩ።

ትምህርት ቤቱ ከዚያ በኋላ በሩን በብረት ሠራተኛ አስፈርሶ ወደ 90 ሴንቲ ሜትር አሰፋው። ደረጃው 30 ሴንቲ ከፍታ ነበረው። በቦታው 3 ሜትር ከ60 የሚረዝም ራምፕ፣ ማለትም ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት መንገድ፣ ተሠራ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ለእያንዳንዱ 10 ሴንቲ ከፍታ 1 ሜትር ከ20 ርዝመት። ከዚያ ካጠረ ዳገት ይሆንና ልጁ ራሱን ችሎ አይወጣውም። ለዳይሬክተር ስታመለክቱ እንደ ልመና እንዳይመስላችሁ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ መግቢያም ሆነ መፀዳጃ ለአካል ጉዳተኛ የሚመች እንዲሆን አዝዟል። አገራችንም የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች።

ገንዘብ እስኪገኝ ግን ልጆቹ ይሸናሉ። የኛ ሽንት ቤት ቁጢጥ የሚባልበት ነው። መቀመጫ ያሠራነው ከብረት ወንበር ነው፤ መካከሉ ተቆርጦ ቀዳዳው ላይ ይቀመጣል። የተቆረጠው ጠርዝ ቆዳ እንዳይቆርጥ የብስክሌት ካላማዳሪ ጠቅልለንበታል። ግድግዳው ላይ መያዣ ቧንቧ አለ። መያዣው ተበየደ ብላችሁ ወዲያው ልጅ አታስይዙ። መጀመሪያ እናንተ በሙሉ ክብደታችሁ ተንጠልጠሉበት።

ሰዓትም አብጁ። እኛ ጠዋት ሲገቡ 2፡15፣ በረፍት 4፡15፣ ከምሳ በኋላ 6፡30፣ ከመሄዳቸው በፊት ደግሞ 8፡30 እንወስዳለን። ብዙ ልጆች ዳይፐር የሚያደርጉት መቆጣጠር አቅቷቸው ሳይሆን በሰዓቱ የሚወስዳቸው ሰው ስላጡ ነው። ከምግብ በኋላ ያለው ሰዓት በተለይ አይለፋችሁ፤ አንጀት የሚንቀሳቀሰው ያኔ ነው።

የውሃውን ነገር ታውቁታላችሁ። እኛ ጋ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ አንዳንዴ ሳምንቱን ሙሉ ይጠፋል። ሮቶው ሲያልቅ ጀሪካን ነው። ለልጆቹ መታጠቢያ የተለየች፣ ማንም የማይነካት ጀሪካን ይኑራችሁ። አንዷን ቧንቧ አስገጥማችሁ በዊልቸር የተቀመጠ ልጅ እጁ በሚደርስበት ከፍታ አስቀምጡ። በክረምት የኛ ሰፈር ጥቁር ጭቃ ጎማው ላይ ይጋገራል። ዊልቸሩን በራሱ እጅ የሚገፋ ልጅ ያን ጭቃ በእጁ ይዞ ነው ክፍል የሚገባው። እሱ እጁን ከመታጠቡ በፊት እናንተ የሚገፋበትን ክብ ብረት በርጥብ ጨርቅ ጥረጉለት። አለዚያ ታጥቦ ወዲያው ይቆሽሻል።

ልብስና ዳይፐር ስትቀይሩ

ልጁን ከማስተኛታችሁ በፊት ዕቃው ሁሉ እጃችሁ ስር ይሁን። ጓንት፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙና፣ ሁለት ንጹሕ ጨርቅ፣ ዳይፐር፣ ቅያሪ ሱሪ፣ ፌስታል፣ ቫዝሊን፣ ነጠላ። አንድ ነገር ረስታችሁ «መጣሁ» ብላችሁ ብትሄዱ ልጁ ይወድቃል። ለሰከንድም አትተዉት። አንድ እጃችሁ ሁልጊዜ እሱ ላይ ይሁን። የምንቀይርበት አግዳሚ በኛ ወገብ ልክ የተሠራ ነው። ወለል ላይ ጎንበስ እያላችሁ ከሠራችሁ በዓመቱ ወገባችሁ አይኖርም።

ነጠላዋ ለገመና ናት። የምታጥቡት ቦታ ብቻ ይገለጥ፣ ሌላው ይሸፈን። በሩ ይዘጋ፣ መስኮቱ ይጋረድ። ሌሎች ልጆች ኳሳቸው መስኮቱ ስር ይወድቃል እኮ።

እጃችሁን ታጠቡ፣ ከዚያ ጓንት አድርጉ። ጓንት የእጅ መታጠብን አይተካም፤ ስታወልቁም ታጠቡ። ውሃውን በክርናችሁ ለኩት። ስፓይና ቢፊዳ ያለበት፣ ማለትም የአከርካሪ አጥንቱ በደንብ ሳይዘጋ የተወለደ ልጅ፣ እግሩ ላይ ሙቀት ላይሰማው ይችላል። ቢቃጠልም ዝም ይላል። እንዲህ ላለ ልጅ የላቴክስ (የተፈጥሮ ጎማ) ጓንት አትጠቀሙ፤ ብዙዎቹ ለላቴክስ አለርጂ ናቸው። ሌላ ዓይነት ጓንት ጠይቁ። በልደት ቀን ፊኛም አትስጡት።

ስታጥቡ ከፊት ወደ ኋላ ነው። ለሴት ልጅ ይህን አትሳቱት። እጥፋቶቹን ሁሉ በደንብ አድርቁ። ቫዝሊን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ።

አሁን ቆዳውን እዩ። ይህን እባካችሁ አትዝለሉት። ቀኑን ሙሉ የሚቀመጥ ልጅ መቀመጫው፣ የጅራት አጥንቱ ላይ፣ ተረከዙ ላይ ቁስል ያወጣል። «ቀይ ሆኖ ታዩታላችሁ» የሚሉ ሰዎች አሉ። በኛ ቆዳ ላይ ቀይ ሆኖ ላይታይ ይችላል። ከአካባቢው ጠቆር ይላል ወይም ወይን ጠጅ ይመስላል፤ ስትነኩት ይሞቃል ወይም ይጠጥራል። ልጁ ከዚያ ቦታ ላይ ተነስቶ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ካልጠፋ ለወላጅ ንገሩ፣ ጤና ጣቢያም ይታይ። በዚያ ቦታ ላይ አይቀመጥ። አትሹት። መከላከያው ደግሞ ቀላል ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ክብደቱን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ያዛውር። የሚችል ልጅ ራሱ በእጁ ተደግፎ ከፍ ይበል። እኛ ክፍል ውስጥ ልጆቹ ሁሉ አብረው «ከፍ!» ይላሉ፤ መራመድ የሚችሉትም ጭምር።

ልብስ ሲለብስ የደከመው እጅ ይቀድማል፤ ሲያወልቅ ይከተላል። ይህን አንዴ ከያዛችሁ እጅ መጠምዘዝ ይቀራል። ዩኒፎርሙን ደግሞ ወስዳችሁ ለልብስ ሰፊ ስጡ። ዚፑ ወጥቶ ወገቡ ላስቲክ ይሁን። ቁልፉ ቀርቶ እንደ ልጆች ጫማ የሚለጠፍ ማሰሪያ ይግባበት። ዋጋው ብዙ አይደለም። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ ሱሪው ላስቲክ ስለሆነ ብቻ ብቻውን ሽንት ቤት መሄድ ጀመረ።

ማንሳት

ትልቅ ልጅ ለብቻችሁ አታንሱ። ሁለት ሁኑ። ዊልቸሩን ከአግዳሚው አጠገብ አስጠጉ፣ ፍሬኑን ያዙ፣ የእግር ማሳረፊያውን ወደ ላይ አጥፉ። ብዙ ጊዜ አደጋ የሚመጣው ፍሬን ተረስቶ ነው። ከወገባችሁ ሳይሆን ከጉልበታችሁ ዝቅ በሉ፣ ልጁን ወደ ሰውነታችሁ አስጠጉት፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» በሉ። ቆጠራው ለልጁም ነው።

በትንሹ መቆም የሚችል ልጅ ከሆነ በእጁ ወይም በብብቱ አትጎትቱት፤ ትከሻው ይወልቃል። ሰፊ መቀነት ወገቡ ላይ እሰሩና እሱን ያዙ። ይህን ያሳየን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ነው። መቀነት አጥብቆ ማሰር ለምንችል ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

እናቶች ይህን ማንሳት ጠዋትና ማታ ብቻቸውን ያደርጉታል። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ አሉ። ልጁን ያወርዳሉ፣ ተመልሰው ዊልቸሩን ያወርዳሉ። ስለዚህ አንዲት እናት አርፍዳ ብትመጣ በር ላይ አትቆጡ።

ራሱ እንዲያደርግ

ሁሉን ነገር ስታደርጉለት ፈጣን ነው። ግን ያ ልጅ 20 ዓመት ሲሞላው ማን ያጥበዋል? የምትረዱት ትንሽ ትንሽ እየቀነሰ እንዲሄድ ነው።

ዳውን ሲንድረም ያለባት ልጅ እጇን መታጠብ ላስተምራት ስል ከመጀመሪያው ነበር የጀመርኩት። «ቧንቧውን ክፈቺ፣ ሳሙናውን ያዢ፣ እሺ…» እዚያው ትሰለቻለች፣ ውሃውን ትረጫለች። ቲቸር «ከመጨረሻው ጀምሪ» አለችኝ። እጇን በእጄ ይዤ ሁሉንም አብረን ሠራን፤ የመጨረሻዋን ብቻ፣ ፎጣውን መስቀያው ላይ መመለስን፣ ለሷ ተውኩላት። ሰቀለችው። «ጨረስሽ! ጎበዝ!» አልኳት። ፊቷ በራ። ለካ ከመጀመሪያ ስንጀምር ሁልጊዜ መሃል ላይ እየቀረች መጨረሱን ቀምሳው አታውቅም ነበር። በሳምንቱ ማድረቁንም ሰጠኋት። ከዚያ ማለቅለቁን። ከዚያ ማሸቱን። መስከረም ጀምረን ኅዳር ላይ ቧንቧውን ራሷ ከፈተች። አሁን እሷ ናት የመዋዕለ ሕፃናቱን ልጆች የምታሳየው።

በግድግዳው ላይ የያንዳንዱን እርምጃ ፎቶ ለጥፉ። የሌላ አገር ሥዕል አይሁን። የራሳችሁን ቧንቧ፣ የራሳችሁን ጀሪካን በስልክ አንስታችሁ አሳትሙ።

ጥርስም እንዲሁ ነው። የብሩሹ እጀታ ቀጭን ሆኖ የሚያመልጠው ልጅ ካለ ካላማዳሪ ጠቅልሉበት፣ ይወፍራል። ልጁ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ አገጩ ትንሽ ዝቅ ይበል፤ ተንጋሎ አይሁን፣ ያንቀዋል። ኦቲዝም ያለበት አንድ ልጃችን የጥርስ ሳሙናውን ሽታ ሲያሸት ይሮጣል። ለወራት በውሃ ብቻ አስቦረሽኩት። ከዚያ የሽምብራ ፍሬ የምታህል፣ ከዚያ ትንሽ ጨመር እያደረግን ለመደ። እንዲህ ያሉ ልጆች ቀላል ንክኪ ሊያስጨንቃቸው ይችላል። ፎጣውን ከማንሸራተት ጫን አድርጎ ማሳረፍ ይሻላቸዋል። ግን እያንዳንዱ ልጅ ለየብቻው ነው፤ ከእናቱ ጠይቁ።

ለሃጭ ለሚወርደው ልጅም እንደዚያው ነው። አትፈግፍጉት፣ በለስላሳ ጨርቅ ነካ ነካ አድርጉ። አንገቱ ላይ የሚያምር ሻሽ እሰሩለትና ሲረጥብ ቀይሩ። «ለሃጫም» የሚል ልጅ ካለ እዚያው አስቁሙ።

ዓይነ ስውር ለሆነ ተማሪ ሽንት ቤቱ ባዶ በሆነ ሰዓት ሙሉውን አስጎብኙት። እሱ ክንዳችሁን ይያዝ እንጂ እናንተ አትጎትቱት። በእጁ ግድግዳውን፣ ቀዳዳውን፣ ቧንቧውን ያግኝ። ሳሙናው ሁልጊዜ ከቧንቧው በስተቀኝ ከሆነ ሁልጊዜ በስተቀኝ ይሁን። የጽዳት ባልዲ መተላለፊያ ላይ አይቀመጥ። መስማት የተሳነው ልጅ ጋ ደግሞ ከኋላ አትሂዱ። በሚያያችሁ በኩል ቅረቡ። «ሽንት ቤት»፣ «ያማል»፣ «አልፈልግም» የሚሉትን ምልክቶች ለመማር አንድ ከሰዓት ይበቃችኋል። እነዚህን ሳታውቁ የልጅ ልብስ አትንኩ።

የወር አበባ

ይህን ሳይመጣ በፊት ጀምሩ። ዘጠኝ አሥር ዓመት ሲሞላት። ሳይነገራት የመጣባት፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባት ልጅ «ልሞት ነው» ብላ ስትጮህ ሰምቻለሁ። ያን ድምፅ አልረሳውም።

እኔ የማስተምረው በቀይ ሥር ነው። ቀይ ሥር ቀቅዬ ውሃውን ሞዴስ ላይ ጠብ አደርጋለሁ። «እንዲህ ታያለሽ። ቁስል አይደለም። ትልቅ ልጅ እየሆንሽ ነው» እላታለሁ። ከዚያ ፓንት ላይ የሞዴሱን ቅርጽ በእስክርቢቶ እስላለሁ። እሷ በመስመሩ ውስጥ ትለጥፈዋለች። ደረቅ በሆነ ቀን ደጋግመን እንለማመዳለን። ዓይነ ስውሯ ደግሞ የሚለጠፈውን ጎን በጣቷ ታገኘዋለች። መቀየሪያዋን በሰዓት ትይዘዋለች፤ በየአራት ሰዓቱ አካባቢ፣ ደሙ ከበዛ ቶሎ። ያገለገለው ተጠቅልሎ ክዳን ባለው ቆሻሻ መጣያ ይገባል እንጂ ሽንት ቤት አይጣልም።

የጨርቅ የሚጠቀሙ ከሆነ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዚያ በሳሙና ይታጠብና ፀሐይ ላይ ይሰጣ። በማፈር አልጋ ስር ተደብቆ የደረቀ ጨርቅ ያሳክካል፣ ያሳምማል።

ጥቂት ከባድ ነገሮች

በካቴተር፣ ማለትም ሽንት በሚያወጣ ቀጭን ቱቦ፣ የሚሸኑ ልጆች አሉ። ብዙዎቹ በየሦስት በየአራት ሰዓቱ ያስፈልጋቸዋል። ነርስ በዚያ ልጅ ላይ ካላሠለጠነቻችሁ እጃችሁን አታስገቡ። የእናንተ ድርሻ ንጹሕ ቦታ፣ የተዘጋ በር፣ ሳሙናና ሰዓት ማስታወስ ነው። ካደጉ ልጆች ብዙዎቹ ራሳቸው ያደርጉታል።

የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ሽንት ቤት ብቻውን በሩን ቆልፎ አይግባ፤ በሩ ገርበብ ብሎ እናንተ ውጭ ቁሙ። ቢጥለው ክብሪት አታሽትቱ። አፉ ውስጥ ማንኪያ አታስገቡ፣ ውሃም አትርጩ። በጎኑ አስተኙት፣ ራሱ ስር ነጠላ አድርጉ፣ ሰዓት ያዙ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ተቋም ነው።

ለማጽጃ በረኪና እንጠቀማለን። 5 በመቶ የሚል ከሆነ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ይበጠበጣል። የሽንት ቤት አሲድ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉት፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

አሁን የምጽፈውን ጥቂት ሰው ነው የሚያወራው። ሰውነቱን ለመታጠብ ሌሎች የሚነኩት ልጅ ክፉ ሰው ሲነካው ልዩነቱን ማወቅ ይከብደዋል። መጠየቅና መጠበቅ የሚጠቅመው እዚህም ነው። በየቀኑ «ልንካህ?» ተብሎ የሚጠየቅ ልጅ፣ ያልጠየቀ ሰው ሲነካው አንድ ነገር እንደተበላሸ ያውቃል። የሰውነት ክፍሎቹን ስም ሳታፍሩ አስተምሩት። ያደገችን ልጅ ሴት ትርዳ፣ ያደገን ልጅ ወንድ ይርዳ። ለመቀየር ስትገቡ ሌላ ባልደረባ ይወቅ፣ ሰዓቱም ደብተር ላይ ይስፈር። ይህ እናንተንም ይጠብቃል። የማይገባ ምልክት ካያችሁ ልጁን በጥያቄ አታጣድፉት፣ አትጠቡት። ያለውን በራሱ ቃል ጻፉና ያኑ ቀን ለዳይሬክተር፣ ለወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ፣ ለፖሊስ። ዝም አትበሉ።

የወላጅ ደብተር

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ጋ ግርግር ነው። ባጃጅ፣ እናቶች፣ ሽንብራ ሻጮች። እዚያ መሃል «ዛሬ ልብሱን አበላሽቷል» ብላችሁ አትናገሩ። ርጥቡን ልብስ በፌስታል አስራችሁ ቦርሳው ውስጥ አስገቡ። ሌላውን ደብተር ላይ ጻፉት፦ ስንት ጊዜ ሸና፣ ሰገራ ወጣ ወይ፣ ምን ያህል ጠጣ፣ ቆዳው እንዴት ነው። ደብተሩን ከመላካችሁ በፊት ለልጁ አንብቡለት። የሱ ነገር ነውና።

በዓይኑ የሚመልሰው ልጅ አሁን 14 ዓመቱ ነው። ባለፈው ሐሙስ ደብተሩን አነበብኩለት። «ሁለት ጊዜ ሸንቷል። ቆዳው ደህና ነው። ውሃ አልጠጣም።» ዓይኑን ጨፈነ። «አይ» ማለቱ ነው። «ሸንተሃል?» ዓይኑ ወደ ላይ። «ቆዳህ?» ወደ ላይ። «ውሃ አልጠጣህም?» ጨፈነ። ጠበቅኩ። ዓይኑን ገልጦ ወደ በሩ፣ ጓደኛው ቦርሳውን አንግቶ ወደቆመበት አሻግሮ አየ። ጓደኛው ሮጦ መጣ። «እኔ አጠጥቼዋለሁ፣ በረፍት ሰዓት፣ በኔ ኮዳ፣ ቀስ አድርጌ» አለ። እስክርቢቶዬን አወጣሁና መስመሩን ሰረዝኩት። «አንድ ኮዳ፣ ከጓደኛው ጋር» ብዬ ጻፍኩ። «አሁንስ ልክ ነው?» አልኩት።

እስከ አሥር አልቆጠርኩም። ሦስት ላይ አነሳው።